«ክሊር» ውሃ ጥሩ ውሃ ነውን?

በእንግሊዝኛ ቋንቋ እጅግ ከሚዘወተሩት ቅጽሎች አንዱ «ክሊር» የተሰኘው ነው። የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍትን ለሚያገላብጥ ተማሪ ቃሉ እንግዳ አይደለም። የቤተ ሙከራ መመሪያው «ክሊር» ፈሳሽ አዘጋጅ ይለዋል፤ ስለ ብርሃን የሚያወሳው ምዕራፍ ስለ «ክሊር» መስታወት ያትትለታል፤ መምህሩም በየአሥር ደቂቃው «ክሊር ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። ትምህርቱን አጠናቆ ከግቢ ሲወጣ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመኝታ ክፍልና ከምግብ ቤት «ክሊራንስ» እንዲያመጣ ይታዘዛል። አንድ ቃል ይህን ያህል ሸክም ሲበዛበት መደናገርን ማስከተሉ አይቀርም። መደናገሩ በቃላት ደረጃ ተወስኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለቋንቋ መምህራን ትተን ባለፍን ነበር። ነገር ግን ከፈተና ወረቀት አልፎ እስከ ውሃ መጠጫችን የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ከፊዚክስ አንጻር ልንመለከተው ወደድን።

መደናገሩ የት ላይ እንደሚጀምር በምሳሌ እንይ። በቤተ ሙከራ ሪፖርቶች ላይ ደጋግመን ከምናነባቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «የኮፐር ሰልፌት ሙሙቱ ክሊር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው» የሚል ነው። ጸሐፊው «ክሊር» የሚለውን «ቀለም የሌለው» በሚል ተረድቶታል። ይሁን እንጂ የኮፐር ሰልፌት ሙሙት ሰማያዊም ነው፣ «ክሊር»ም ነው። ሙሙቱን የያዘውን ብርጭቆ መጽሐፍ ላይ ብናስቀምጥ ፊደሎቹ በሰማያዊው ውስጥ ጥርት ብለው ይታያሉ። ወተት የጨመርንበት ውሃ ግን ከብርጭቆው ሥር ያለውን ፊደል ይሸፍንብናል። ቁርስ ላይ የምንጠጣው ሻይ ቀለም አለው፤ ነገር ግን «ክሊር» ነው። ወተት ሲገባበት ይህን ባሕርዩን ያጣል። እንግዲህ ቀለም ሌላ፣ ጥራት ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ «ቀለም የለሽ» የሚለው ሐሳብ በዕለት ንግግራችን ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ያገኘ አይመስልም። ለፋኖስና ለምድጃ የምንገዛውን ጋዝ «ነጭ ጋዝ» እንለዋለን፤ ነጭ ግን አይደለም። ከጫሞ ማዶ ላለው ፓርክ ስሙን የሰጠው «ነጭ ሳር»ም ቢሆን፣ በበጋ ደርቆ ሲያዩት ገርጥቶ የሚያበራ ሣር እንጂ እንደ ወተት የነጣ አይደለም።

የቃሉ ተቃራኒዎች

የአንድን ቅጽል ትርጉም ለማወቅ ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። «ክሊር» ለሰማይ ሲነገር ተቃራኒው ደመናማ ነው። ለውሃ ሲነገር ድፍርስ፣ ለድምፅ ሲነገር የታፈነ ወይም የሻከረ፣ ለአነጋገር ሲነገር አሻሚ፣ ለመንገድ ሲነገር የተዘጋ፣ ለኅሊና ሲነገር የሚወቅስ ይሆናል። በንግድ ቋንቋ ወጪው ሁሉ ተቀንሶለት የቀረው ትርፍ «ክሊር» ይባላል። በእንግሊዝ ሕግ «ሦስት ክሊር ቀናት» ሲባል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ሳይቆጠሩ በመሐል ያሉት ሦስት ሙሉ ቀናት ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሥር አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም በመካከል የሚያግድ ነገር አለመኖሩ ነው። ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለእግር ወይም ለሐሳብ መንገዱ ክፍት ነው እንደማለት ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከ700 ዓመታት ገደማ በፊት ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ምንጩ «ክላሩስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። «ክላሩስ» ብሩህ፣ ጎልቶ የሚሰማ፣ ስመ ጥር የሚሉ ትርጉሞች ነበሩት። የሥርወ ቃል ሊቃውንት መጥራትን ወይም መጮኽን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር ጋር ያዛምዱታል። ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው ለድምፅ ነበር፤ ለብርሃንና ለውሃ የተሰጠው ቆይቶ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በቋንቋችን «ጠራ» የሚለው ግሥ ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ሰውን ጠራ፣ ውሃውም ጠራ። «ተጣራ» ስንልም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ከሩቅ ተጣራ፣ ጠላው በወንፊት ተጣራ። በላቲን እንደታየው ሁሉ ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቢመስሉም ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በግዕዝ ተጣራ፣ ጮኸ የሚለው «ጸርሐ» ሲሆን፣ ጠራ፣ ነጻ የሚለው ደግሞ «ጸረየ» ነው። አማርኛ የግዕዙን «ጸ» በ«ጠ» ሲተካ፣ «ሐ»ንና «የ»ንም ከመጨረሻ ሲጥል ሁለት የማይዛመዱ ግሦች አንድ መልክ ያዙ። መገጣጠሙ ድንገተኛ ነው። ቢሆንም ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

ድንገተኛ ያልሆነውና ለርእሳችን ዋና የሆነው ግን የሚከተለው ነው። «ጸረየ» ከሚለው የተገኘው የግዕዝ ቅጽል «ጽሩይ» ወደ አማርኛ ሲሻገር «ጥሩ» ሆኗል። ዛሬ «ጥሩ ሰው»፣ «ጥሩ ትምህርት»፣ «ጥሩ ዋጋ» ስንል የምንጠቀምበት ቃል በመነሻው «የጠራ» ማለት ነበር። «ጥራት»ም የዚሁ ልጅ ነው፤ «የትምህርት ጥራት»፣ «የዕቃ ጥራት» እንላለን። እንግሊዝኛ «ክሊር»ን ለግልጽነት አውሎ መልካምነትን ለሌላ ቃል ሲተው፣ አማርኛ ጥራትንና መልካምነትን በአንድ ቃል አስሯቸዋል። ሰው ዕቃን በሚመዝንበት ጊዜ ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን «የውሃ ጥራት» የሚለው ሐረግ፣ በመሥሪያ ቤት ሰነድም ሆነ በዜና እንደምንሰማው፣ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ እንስራ ውስጥ ይጨምራቸዋል። የጠራ ውሃ ማለት ነው ወይስ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ? ሰሚው ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ቢያስብ ቋንቋው ራሱ ደግፎታል።

ሁለቱ ሐይቆች

በአርባ ምንጭ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው በስተግራው አባያን፣ በስተቀኙ ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተሰኘውን ጉብታ ያያል። አባያ እንደ ጭቃ ቀልቷል፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ጎን ለጎን የተኙ፣ አንድ ፀሐይ የሚያርፍባቸው፣ አንድ ነፋስ የሚያናውጣቸው ሁለት ሐይቆች ስለምን ይህን ያህል ተለያዩ?

ብርሃን ወደ ውሃ ሲገባ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል። ሳይነካ ያልፋል፤ ወይም ይመጠጥና ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ወይም ጥቃቅን ቅንጣት ገጥሞት አቅጣጫውን ለውጦ ይበተናል። መመጠጡ በአብዛኛው የቀለም ጉዳይ ነው። መበተኑ የድፍርስነት ጉዳይ ነው። ኮፐር ሰልፌት የቀዩን ወገን ብርሃን ይመጥጣል፤ የቀረውን ግን ሳይበትን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ባለ ቀለም ሆኖ «ክሊር» ነው። በወተት ውስጥ ያሉ የስብና የፕሮቲን ቅንጣቶች የሚመጥጡት ጥቂት ሲሆን የሚበትኑት ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ወተት ነጭ ሆኖ አያሳይም።

ንጹሕ የሚባለው ውሃ ራሱ ቀለም የለሽ ነው የሚለውም አባባል የሚሠራው ለብርጭቆ ብቻ ነው። ውሃ ቀይ ብርሃንን በመጠኑ ይመጥጣል። ምንም ባዕድ ነገር በሌለበት ውሃ ውስጥ 10 ሜትር የተጓዘ ቀይ ብርሃን ወደ 3 በመቶው ገደማ ብቻ ሲቀር፣ ሰማያዊው ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያልፋል። ስለዚህ ጥልቅና የጠራ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። በአጭሩ፣ «ክሊር» ነው አይደለም የሚለው ፍርድ በስንት ሜትር ውሃ ውስጥ አሻግረን እንደተመለከትን ይወሰናል።

አባያን የሚመግቡት እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከደጋው አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። አፈሩ የብረት ኦክሳይድ አለበት፤ ብረት ኦክሳይድ ሰማያዊውን ብርሃን ይመጥጣል፣ የሸክላው ቅንጣቶች ደግሞ የቀረውን ቀይና ብርቱካናማ ብርሃን ወደ ዓይናችን መልሰው ይበትኑታል። የአባያ መቅላት የሁለቱ ድምር ነው።

ነገር ግን ጭቃው ስለምን ወደ ታች አይሰክንም? ቡና ከጀበና ከመቀዳቱ በፊት «ትንሽ ይስከን» እንላለን፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል። አየርላንዳዊው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 እንዳሳየው አንድ ክብ ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ የሚሰምጥበት ፍጥነት ከስፋቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ይህ «ካሬ» የሚለው ቃል ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። የዲያሜትሩ ስፋት 0.1 ሚሊሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በሰከንድ 9 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ 8 ሜትር ጥልቀት ባለው የረጋ ውሃ ውስጥ ከሥር ለመድረስ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። መቶ ጊዜ የሚያንሰው፣ 0.001 ሚሊሜትር የሆነው የሸክላ ቅንጣት ግን አሥር ሺህ ጊዜ ይዘገያል። በቀን የሚወርደው 8 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለዚያው 8 ሜትር ከሦስት ወር በላይ ያስፈልገዋል። ይህም ውሃው ሳይነቃነቅ ቢቆይ ነው። ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚያናውጠው ሐይቅ ላይ ሦስት ወር የረጋ ውሃ ማግኘት ዘበት ነው። በዚያ ላይ የሸክላ ቅንጣቶች ሁሉም አሉታዊ ኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዙ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ተጠጋግተው ትልቅ ቅንጣት በመሆን ፈጥነው እንዳይሰምጡ ይህም ያግዳቸዋል።

የጫሞ ነገር ሌላ ነው። ከሴቻ ላይ ሲያዩት የጠራ ይመስላል፤ ከምናየው ሰማያዊነት ከፊሉ ግን ከሐይቁ ወለል የተንጸባረቀ የሰማይ ብርሃን ነው። ከዳር ሆኖ በብርጭቆ የቀዳ ሰው አረንጓዴ ድፍርስ ያገኛል። ጫሞን የሚያደፈርሰው በዋናነት ጭቃ ሳይሆን ሕይወት ነው፤ በዓይን የማይለዩ አልጌዎች በውስጡ ይንሳፈፋሉ። አባያ ላይ ጭቃው ብርሃኑን ከላይ ከላይ ስለሚያስቀረው አልጌው እንደልቡ ሊበቅል አይችልም። ጫሞ ላይ ግን ብርሃን ያገኛል፤ አልጌው ይበቅላል፤ ቆሮሶ አልጌውን ይበላል፤ ዓሣ አስጋሪው ቆሮሶውን፣ አዞውም የድርሻውን ይወስዳል። በዚህ ሚዛን ብንሄድ እንደ መስታወት የጠራ ጫሞ ዓሣ የጠፋበት ጫሞ በሆነ ነበር። ለቆሮሶ «ጥሩ» ውሃ ማለት ድፍርስ ውሃ ነው!

ጥራትን በሜትር መለካት

የፊዚክስ ሰው ቅጽል ሲሰማ «ምን ያህል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለውሃ ጥራት ከተፈለሰፉት መለኪያዎች ቀላሉን ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው የኢየሱሳውያን ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በጳጳሱ መርከብ ሆኖ ነጭ ክብ ሳህን በገመድ ወደ ውሃ እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መዘገበ። ዛሬ ለሐይቅ የሚያገለግለው ሳህን 20 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ በጥቁርና በነጭ አራት ቦታ ተከፍሎም ይቀባል። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም ከሥራ አልወጣም፤ ባትሪ አይፈልግም፣ አይበላሽም። በአባያ ላይ ሳህኑ አንድ ክንድ ሳይወርድ ይሰወራል። የጫሞም ቢሆን ከሩቅ ያየነው ሰማያዊነት እንደሚያስጠብቀን ረጅም አይደለም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ግን የሚሠራበት መሣሪያ ብርሃንን በውሃው ውስጥ አሳልፎ ወደ ጎን፣ በ90 ዲግሪ፣ የተበተነውን ይለካል። መለኪያው በምሕጻረ ቃል ኤን.ቲ.ዩ. ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 በታች የሆነውን ለዓይን የሚያስደስት፣ ለጀርም ማጥፊያ ሥራ ደግሞ ቢቻል ከ1 በታች መሆን ያለበት እያለ ይመክራል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው መሣሪያው የሚለካው የተበተነ ብርሃን ብቻ መሆኑን ነው። የበተነው ሸክላ ይሁን አልጌ፣ ወይም ሌላ፣ አይነግረንም። ያልበተነውን ደግሞ ፈጽሞ አያየውም።

ብርሃን የማያያቸው

ብርሃን የማያያቸው ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቁጥራቸው ከማነሱ የተነሣ የማይታዩት ናቸው። ባክቴሪያ አንድ ሁለት ማይክሮን ያህል ርዝመት ያለው በመሆኑ በመጠኑ ከሸክላ ቅንጣት ብዙ አይለይም፤ ስለዚህ ብርሃን ይበትናል። ችግሩ ዓይናችን ውሃው ደፍርሷል ብሎ እንዲያስተውል በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ሊኖር የሚገባው መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የመጠጥ ውሃ መመዘኛ የሚፈቅደው የኢ. ኮላይ መጠን በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ዜሮ ነው። ከዜሮ እስከ አንድ ቢሊዮን ባለው በዚያ ሁሉ ርቀት፣ ባለ 100 ሚሊሊትሩ ብርጭቆ «ክሊር» ነው።

በታሪክ የታወቀውን ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ተነሥቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ጥርጣሬው በጎዳናው የውሃ ፓምፕ ላይ አረፈ። ውሃውን ቀድቶ ሲመለከተው ግን የሚታየው እድፍ እጅግ ጥቂት ስለነበር ወደ ድምዳሜ ለመድረስ አመንትቶ ነበር። የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕሙን ወደው ከሩቅ የሚያስመጡ ሰዎችም ነበሩ። ስኖው የተማመነው በብርጭቆው ሳይሆን በሟቾቹ አድራሻ ላይ ነበር፤ የት እንደሚኖሩና ከየት እንደሚቀዱ ቤት ለቤት ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። በአማርኛ «ጉዳዩን አጣራ» ስንል የምናስበው ይህንኑ ነው።

ለአርባ ምንጭ ስሟን የሰጡት ምንጮች ከገደሉ ግርጌ ከደኑ ውስጥ ሲፈልቁ የጠሩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ውሃው በአፈርና በዐለት ሲያልፍ ቅንጣቶቹን ጥሎ ይወጣል። ከተማዋም ከእነርሱ ትጠጣለች። ይሁን እንጂ የየትኛውም ምንጭ ጥራት ምንጩ ላይ ያለውን ብቻ ይናገራል። ከዚያ በኋላ በቧንቧው፣ በጄሪካኑ፣ በመቅጃው ጣሳ ምን እንደተጨመረበት ውሃው ጠርቶ እያለ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው ዓይነት የሚሟሟው ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛል። የሟሟ ፍሎራይድ ከብርሃን ሞገድ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የሚታይ ብርሃን አይበትንም፤ ቀለምም የለውም፤ በተለመደው መጠን ጣዕምም አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። መጠኑ ከፍ ብሎ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል፤ በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ የደረሰው ጉዳት በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው ተመዝግቧል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ለፍሎራይድ ግን መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተንን የቀረው ይወፍራል። ከጥልቅ ጉድጓድ ወጥቶ እንደ መስታወት የሚያበራ ውሃ በአንድ ወገን የጠራ፣ በሌላ ወገን ጥሩ ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

ይሁንና ጥራት ከንቱ አይደለም

ከዚህ ተነሥቶ ድፍርስ ውሃም ሆነ የጠራ ውሃ ለውጥ የለውም ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ሌላ ስሕተት ነው። ጥራት የውሃውን ደኅንነት አያረጋግጥም፤ ሆኖም ውሃውን ለማዳን የሚደረገውን ሥራ ያመቻቻል። ክሎሪን ወደ ድፍርስ ውሃ ሲጨመር ከፊሉ ከጀርሙ ከመድረሱ በፊት በውሃው ውስጥ ባለው ብስባሽ ነገር ላይ ያልቃል፤ ጀርሞችም ከቅንጣቶች ጋር ተጣብቀው ይሸሸጋሉ። «ውሃ አጋር» የተባለው የክሎሪን መድኃኒት ወይም መሰሎቹ ጀርም ይገድላሉ እንጂ ጭቃ አያወርዱም። «ቢሻን ጋሪ» የተባለው ዱቄት በአንጻሩ ጭቃውን አሰባስቦ የሚያወርድና ጀርሙንም የሚገድል ድብልቅ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው፤ ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ ስሙ የተገባው ይመስለናል።

ፀሐይም መድኃኒት ናት። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ለስድስት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ላይ ቢጋደም፣ ሰማዩ ደመናማ ከሆነም ለሁለት ቀን ቢቆይ፣ አልትራቫዮሌት ጨረርና ሙቀት ተባብረው አብዛኛውን ጀርም ያጠፋሉ። የእንግሊዝኛው መመሪያ «ክሊር ውሃ በክሊር ጠርሙስ» የሚል ይዘት አለው። ቃሉ አንድ ሲሆን ጥያቄው ግን ሁለት ነው። ውሃው ያልደፈረሰ ይሁን ማለቱ ነው፤ ከ30 ኤን.ቲ.ዩ. በላይ ከሆነ ጨረሩ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጠርሙሱ ደግሞ አሳላፊ ብቻ ሳይሆን ቀለም የሌለውም ይሁን ማለቱ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጠርሙስ ያሳያል፣ ጨረሩን ግን ይውጠዋል። ከላይ የጠቀስነው ተማሪ «ክሊር» ማለት «ቀለም የለሽ» ነው ያለው እዚህ ላይ ቢሆን ኖሮ ትክክል በሆነ ነበር። የውሃውን ልክ ያለ መሣሪያ ለማወቅ የሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ርእስ ላይ አቁሞ ከአፉ በኩል ወደ ታች ማየት ይበቃል፤ ፊደሉ ከተነበበ ውሃው ለዚህ ሥራ ይሆናል።

ካልተነበበስ? በአርባ ምንጭና በኮንሶ በየጓሮው የሚገኘው ሽፈራው፣ በአካባቢው አጠራር ሃለኮ፣ ከቅጠሉ ሌላ ፍሬውም ይጠቅማል። የፍሬው ዱቄት በውሃ ሲበጠበጥ የሚለቀው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል አለው፤ እርስ በርስ የሚገፋፉትን አሉታዊ የሸክላ ቅንጣቶች ያስተቃቅፋቸዋል። ተሰብስበው ሲተልቁ የስቶክስ ካሬ ሥራውን ይሠራል፤ ለወራት የሚንሳፈፈው በአንድ ሁለት ሰዓት ይሰክናል። የሱዳን ሴቶች የአባይን ውሃ በዚሁ ዝርያ ዘመድ ፍሬ ያጠሩ እንደነበር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያህን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ በስፋት ጽፋለች። የሀገራችን ሽፈራውም ይህንኑ እንደሚያደርግ ተጠንቷል። ከጀርሙም ብዙው ከጭቃው ጋር ይወርዳል፤ ሁሉም ግን አይወርድም። ከፍሬው የቀረው ምግብም ውሃው ሲውል ሲያድር የተረፉትን ሊያራባ ስለሚችል፣ በሽፈራው የጠራ ውሃ በዚያው ቀን መፍላት ወይም ክሎሪን ማግኘት አለበት።

ስለ አጠቃቀሙ

በክፍል ውስጥና በቤተ ሙከራ መመሪያ ላይ «ክሊር»ን በአንድ የአማርኛ ቃል ለመተርጎም መሞከር ጥቅም ያለው አይመስለንም። ለሙሙት «ያልደፈረሰ»፣ ለመስታወት «ብርሃን አሳላፊ»፣ ለሰማይና ለድምፅ «ጥርት ያለ»፣ ለማስረጃ «ግልጽ»፣ ለሒሳብ «የተጣራ» ብንል እያንዳንዱ በቦታው ይሠራል። ቀለም አለመኖሩን ለመግለጽ ሲፈለግ «ቀለም የለሽ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይገባል፤ እንግሊዝኛውም ለዚህ የተለየ ቃል አለው። «የውሃ ጥራት» የሚለው ሐረግ ሥር ስለሰደደ ከእንግዲህ የሚነቀል አይደለም። ቢያንስ ግን በሰንጠረዦቻችን ላይ ድፍርስነት፣ ጀርምና የሟሟ ነገር በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ሊቀመጡ ይገባል፤ አንደኛው ዓምድ ዜሮ መሆኑ ስለ ሁለቱ ምንም አይናገርም።

በጠርሙስ ላይ «የተጣራ ውሃ» የሚል ጽሑፍ ያየ አንባቢም ከምን እንደተጣራ ቢጠይቅ መብቱ ነው። የአሸዋ ማጣሪያ ጭቃውን ያስቀራል፤ ክሎሪን ወይም አልትራቫዮሌት መብራት ጀርሙን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ለማስቀረት ደግሞ ውሃውን በግፊት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ መሣሪያ፣ ወይም እንደ አጥንት ከሰል ያለ ፍሎራይዱን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። በአማርኛ ሦስቱም ሥራዎች «ማጣራት» ይባላሉ።